የፈተና ፕሮግራማችሁን ከመኝታ ሰዓት ጀምራችሁ አውጡት

 

የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ኢንቦክሴ ውስጥ የሚገባው ጥያቄ አንድ ዓይነት ይሆናል። «ዶክተር፣ እንቅልፍ የሚያባርር ኪኒን ንገረን።» አንዳንዱማ የመድኃኒቱን ስም ይዞ ነው የሚመጣው፤ «ጓደኛዬ ይሄን ወስዶ ሌሊቱን ሙሉ አነበበ፣ እኔም ልውሰድ?» ይላል። ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልመልስ። ለፈተና ብዬ የማዝላችሁ እንቅልፍ ማባረሪያ የለም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከራሴ ንግግር ይልቅ በቅርቡ ያከምኳት የአንዲት ልጅ ታሪክ ይሻላል። እሷም እናቷም እንድጽፈው ፈቅደዋል፤ ማን እንደሆነች የሚያሳውቀውን ነገር ግን ትቼዋለሁ።

ያለሁት ማንኩሽ ነው። አዲስ አበባ ሆናችሁ ለምታነቡኝ፣ ማንኩሽ የጉባ ወረዳ ከተማ ናት፤ ህዳሴ ግድብ ያለበት ወረዳ። ቆላ ነው፣ ሙቀቱ ቀልድ አያውቅም። ሌሊት እንኳ ቤት ውስጥ መቀመጥ የሚከብድበት ጊዜ ስላለ ሰው ውጭ ያመሻል። ይህን ልብ በሉልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ልጅቷ የመጣችው ፈተናው ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነው። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪ ናት፣ ሕግ መማር ትፈልጋለች። ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማት። ከጀመራት ሦስተኛ ቀኗ ነው። «ለምን ቶሎ አልመጣሽም?» ስላት «ፕሮግራሜ ይበላሽብኛል ብዬ» አለችኝ።

ፕሮግራሙን አሳየችኝ። ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ በሦስት ዓይነት እስክርቢቶ ተሰምሯል፤ እውነቱን ለመናገር ከብዙ መሥሪያ ቤት ዕቅድ ያምራል። ከማታው 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ንባብ። ከ9 እስከ 12 ሰዓት እንቅልፍ። ከ12 ሰዓት በኋላ ያለው ቦታ ላይ «ሥራ» ብቻ ይላል። የት እንደምታነብ ጠየቅኳት። ቤት ውስጥ ስለሚሞቅ በረንዳ ላይ፣ በስልክ መብራት። አጎበርስ አለ? አለ፣ አልጋው ላይ ተሰቅሏል። እሷ ግን የምትገባበት ከ9 እስከ 12 ሰዓት ብቻ ነው።

የደም ምርመራው ፋልሲፓረም ወባ አሳየ።

እንግዲህ አስቡት። ወባ የምታስተላልፈው አኖፌለስ ትንኝ የምትናከሰው ከመሸ በኋላ እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ነው። አገራችን ውስጥ ዋናዋ አስተላላፊ የሆነችው ዝርያ ደግሞ ቤት ውስጥ ብቻ ሳይሆን ውጭም ትናከሳለች፤ ገና ከምሽቱ ጀምራ። ልጅቷ በየሌሊቱ ስድስት ሰዓት በረንዳ ላይ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ እግሯን ገላልጣ ስትቀመጥ ለትንኟ ሰዓት አክባሪ ደንበኛ ሆናላታለች። ያ በሦስት ቀለም የተሰመረ ፕሮግራም በእኔ ዓይን የንባብ ዕቅድ ብቻ አልነበረም፤ ለወባ የተሰጠ ቀጠሮም ነበር።

ሌላም አለ። ትኩሳቱ በጀመራት ማግሥት ከጎረቤት የተረፈ ኮአርተም አራት ፍሬ ተሰጥቷት ውጣለች። በዚያ ላይ ፓራሲታሞል። ትኩሳቱ ትንሽ በረድ ሲልላት ዳነች ተባለ፣ ማታውኑ ወደ በረንዳዋ ተመለሰች። ኮአርተም ለአዋቂ ሰው ስድስት ጊዜ የሚወሰድ፣ በአጠቃላይ 24 ፍሬ የሆነ የሦስት ቀን መድኃኒት ነው። አራት ፍሬ ማለት ጥገኛውን አስደንግጦ መተው ነው፤ እሱ ደግሞ ከድንጋጤው ሲመለስ ይብሳል።

ይህ የአንድ ልጅ ጥፋት ወይም የማንኩሽ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳወጣው በ2024 እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል፤ 1,157 ሰዎች ሞተዋል። ዋናው የወባ ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ሰኔ ይሄዳል። ሰኔ ምን እንዳለ ተፈታኞች ታውቃላችሁ።

ልጆቹ ለምን እንዲህ እንደሚሆኑ አይጠፋኝም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ተሻሻለ ተብሎ 8.4 በመቶ ነው። ከመቶ ተማሪ ዘጠኝ የማያልፍበትን ፈተና የሚጠብቅ ልጅ «ተኛ» ሲሉት የሚያላግጡበት ይመስለዋል። ሕግ ለሚፈልግ ደግሞ ይህ ገና የመጀመሪያው በር ነው፤ ከዚያ ፍሬሽማን አለ፣ የትምህርት ክፍል ምርጫ አለ፣ የዓመታት የሕግ ትምህርት አለ፣ መጨረሻ ላይ የመውጫ ፈተና ይጠብቃል። ልጅቷ ይህን ሁሉ ቆጥራ ነግራኛለች፣ 39 ዲግሪ ትኩሳት ይዟት።

እኔም ብሆን ከዚህ የተለየሁ አልነበርኩም። የሕክምና ትምህርቴ ማብቂያ ላይ ለአንድ ትልቅ ፈተና ሦስት ሌሊት በቡናና በኃይል ሰጪ መጠጥ ገፋሁ። አራተኛው ቀን ጠዋት ወረቀቱ ፊቴ ሲቀመጥ የማውቀው ጥያቄ ነበር። ገጹ ይታየኛል፣ ግራ በኩል ያለው ሥዕል ይታየኛል፣ መልሱ ግን የለም። ወጥቼ ደረጃው ላይ ስቀመጥ መልሱ መጣ። ያን ጊዜ ዕድሌን ረገምኩ። አሁን ግን ዕድል እንዳልነበር አውቃለሁ።

በ1997 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ታዋቂ ጥናት አለ። ሰዎች ለ17 ሰዓት ሳይተኙ ሲቆዩ የእጃቸውና የዓይናቸው ቅንጅት ደማቸው ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ይሆናል። የልጅቷን ፕሮግራም አብረን አሰላነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስታ ሌሊት 9 ሰዓት ድረስ፣ 21 ሰዓት ነቅታለች። እናቷ ልጇ ሞቅ ብሏት ብታነብ ትፈቅዳለች? አትፈቅድም። በእንቅልፍ እጦት ስትሆን ግን «ጎበዝ፣ ለራሷ የምታስብ ልጅ» ይባልላታል። እኔን የሚያናድደኝ ይህ ምስጋና ነው። በየቴሌግራሙ «ሌሎች ሲተኙ አንተ አንብብ» እያሉ የሚለጥፉትንም ጨምሬ ነው።

ቀን ያነበባችሁትን አእምሯችሁ የሚያደላድለው ስትተኙ ነው። እንቅልፍ የንባቡ ተቃራኒ ሳይሆን የንባቡ ሁለተኛ ክፍል ነው። ስድስት ሰዓት አንብቦ ሦስት ሰዓት የተኛ፣ አምስት ሰዓት አንብቦ ሰባት ሰዓት ከተኛው በለጠ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልምጣ። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስጨርስ ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችኝና «ዶክተር፣ ቀኑ እኮ የእኔ አይደለም» አለች።

እውነቷን ነው። «ሥራ» የሚለው ሰፊ ቦታ ውኃ መቅዳት፣ ምግብ ማብሰል፣ ታናናሾቿን ማየት፣ ከዚያ እናቷ ሻይ የምትሸጥበት ቦታ ሄዶ ማገዝ ነው። ሌሊቱን የመረጠችው ጉብዝና ለማሳየት አይደለም። ማንም የማይጠራት ሰዓት እሱ ብቻ ስለሆነ ነው። «በቂ እንቅልፍ ተኙ» ብለን የምንጽፍ ሐኪሞች ይህን እንረሳለን፤ እኔም እዚሁ ገጽ ላይ ስንቴ ጽፌያለሁ። ልጁ እኮ እንቅልፍን የሰጠው ቀኑን ስለተወሰደበት ነው። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ የሚወሰደው ይበዛል፤ ወንድሟ በተመሳሳይ ሳምንት ደብተሩን ይዞ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ የሚጠራው የለም።

እናቷ አጠገባችን ነበሩ። «እሷ ካላገዘችኝ ሻዩን ማን ያፈላል ልጄ?» አሉኝ። አልተቆጡም፣ ጥያቄ ነው የጠየቁኝ። ሳልመልስ ቆየሁ። ከዚያ «ለሦስት ሳምንት ብቻ ስንት ሰዓት ይለቁላታል?» አልኳቸው። ተከራከርን ማለት ይቻላል። ጠዋት ውኃውን ታናሽ ወንድሟ እንዲቀዳ፣ እሷ ከሰዓት በኋላ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ከሻይ ቤቱ እንድትለቀቅ ተስማማን። የንባብ ጊዜ ከቤተሰቡ ተገኘ ማለት ነው። እኔ ከጻፍኩት መድኃኒት እኩል የጠቀማት ይህ ይመስለኛል። ወላጆች፣ ይህን ካነበባችሁ፣ ልጃችሁን «አንብብ» ከማለታችሁ በፊት ከየትኛው ሥራ እንደለቀቃችሁት ንገሩት።

ከዚያ የላቦራቶሪ መጠየቂያ ወረቀት ጀርባ ላይ አዲስ ፕሮግራም አወጣን። ከመኝታ ሰዓት ነው የጀመርነው። ማታ 4 ሰዓት አጎበር ውስጥ፣ መብራት ጠፍቶ። ሌሊት 11 ሰዓት መነሳት። ሰባት ሰዓት። ይህ ከተጻፈ በኋላ ነው ትምህርቱን የምናስገባው፤ የተገላቢጦሽ ከሆነ እንቅልፍ ሁልጊዜ የተረፈውን ነው የሚያገኘው።

ከ11 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ያለው የቀኑ ምርጥ ሰዓት ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ጭንቅላት ያረፈ። (ገና ጨለማ ስለሆነ ፀሐይ እስኪወጣ ቤት ውስጥ ወይም ረጅም እጅጌና ካልሲ አድርጎ።) እዚህ ላይ ከባዱ ትምህርት ይገባል፤ ለእሷ ሒሳብና ኢኮኖሚክስ። ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ያለውን ከማንኩሽ ሙቀት ጋር መታገል ትርፍ የለውም፤ ለቤት ሥራና ለሃያ ደቂቃ ጋደም ማለት ይሁን አልን። ከ10 እስከ 12 ሰዓት ያለፉት ዓመታት ፈተናዎች፣ ሰዓት ተይዞ። ማታ ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ቀለል ያለው፣ ታሪክና ጂኦግራፊ፣ የእንግሊዝኛ ንባብ። ቡና የሚጠጣ ሰው የመጨረሻውን ስኒ ከ9 ሰዓት በፊት ይጨርስ። ካፌይን ከአምስት ሰዓት በኋላም ግማሹ ሰውነታችሁ ውስጥ አለ። ጫትም ያው ነው፤ የነቃችሁ ይመስላችኋል፣ እንቅልፉን ግን በዕዳ ነው የምትገፉት።

ስለ አነባበቡ አንድ ነገር ብቻ። በ2006 እ.ኤ.አ. ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አንድ ጽሑፍ አስነበቡ። አንደኛው ቡድን አራት ጊዜ ደጋግሞ አነበበ። ሌላው በመጀመሪያው ዙር ብቻ አንብቦ በቀሩት ሦስት ዙሮች ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደጋግመው ያነበቡት 40 በመቶውን፣ ራሳቸውን የፈተኑት 61 በመቶውን አስታወሱ። ሌሊት ሙሉ ገጽ ማገላበጥ «ገባኝ» የሚል ስሜት የሚሰጠው በዚያ የአምስት ደቂቃ ማታለያ ነው። ደብተሩን ዝጉት፣ ባዶ ወረቀት አውጡ፣ የምታስታውሱትን ጻፉ፣ ከዚያ ክፈቱና የጎደለውን እዩ። ያናድዳል። ይሠራል።

ሌላው ልጅቷን ያስገረማት ባዶ ቀን ነው። ከ21 ቀን ውስጥ የመጨረሻዎቹን ሦስት ለጉዞና ለመረጋጋት አወጣን። ከቀሪው 18 ሁለቱን ምንም ሳንጽፍባቸው ተውናቸው። «ለምን?» አለች። ለወባ፣ ለለቅሶ፣ ለእንግዳ፣ ለማይታወቅ ነገር። አንድም ክፍት ቦታ የሌለው ፕሮግራም በመጀመሪያው ትኩሳት ቀን ይፈርሳል፤ ልጁም «ከፈረሰ ፈረሰ» ብሎ የቀረውን ይጥለዋል ወይም እንደ እሷ ትኩሳቱን ደብቆ ያነባል። እሷ ሁለቱንም ባዶ ቀኖች ወዲያው ተጠቀመችባቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት የሕክምና ቀናት ላይ አላነበበችም።

አሁን የሐኪም ነገሬን ልናገር። ወባ ባለበት አካባቢ ያላችሁ ወይም ከዚያ የመጣችሁ ተፈታኞች፣ ትኩሳት ከተሰማችሁ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ ተመርመሩ። «ፈተናውን ልጨርስና» አይባልም። ፋልሲፓረም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ከራስ ምታት ወደ ራስን መሳት ሊሄድ ይችላል። ግራ መጋባት፣ ራስን ስቶ መንፈራገጥ፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ መቀመጥ እስኪያቅት መድከም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር ካለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ተቋም ነው።

ኮአርተም የታዘዘለት ሰው የመጀመሪያውን ከወሰደ ከ8 ሰዓት በኋላ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ለሁለት ቀን ጠዋትና ማታ ይወስዳል። በባዶ ሆድ አይደለም፤ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ ነው ሰውነት በደንብ የሚቀበለው። ወተት ካለ ወተት፣ ከሌለ ለውዝ፣ ዘይት ያለው ወጥ። ልጅቷ «የማሽላ ገንፎስ?» ብላኛለች፤ ቅቤ ወይም ዘይት ካለበት እሰየው። ቫይቫክስ የተገኘበት ሰው ደግሞ ከክሎሮኩዊኑ ሌላ የ14 ቀን ፕሪማኩዊን ሊታዘዝለት ይችላል። ብዙ ሰው ይህንን በአራተኛው ቀን ደህና ነኝ ብሎ ይጥለዋል። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ይቆያል፤ ካልተጨረሰ ተመልሶ የሚነሳው ምናልባት ፈተናው ዋዜማ ላይ ነው። እርጉዝ የሆነች ወይም የምታጠባ ለባለሙያው ቀድማ ትናገር፣ መድኃኒቱ ሊለይ ይችላል።

ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብታችሁ የምትወስዱ ከሆነ ስልክ ይዛችሁ አትገቡም። ስለዚህ ያለ ስልክ ማንቂያ መነሳት ከአሁኑ ልመዱ፤ ሁልጊዜ 4 ሰዓት የተኛ ሰው 11 ሰዓት ላይ ራሱ ይነቃል። የጀመራችሁት መድኃኒት ካለ ከነወረቀቱ ያዙ። ግቢው ደጋ ቢሆን እንኳ ወባውን ከቤታችሁ ይዛችሁት ልትገቡ ትችላላችሁ፤ ከተነከሳችሁ እስከምትታመሙ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይወስዳል። እዚያ ትኩሳት ከያዛችሁ ለግቢው ጤና ባለሙያ «ከቆላ ነው የመጣሁት» በሉት። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ምርመራውን ታፋጥነዋለች።

ሌሊት አንብበው ያለፉ የሉም ወይ የሚል አይጠፋም። አሉ፣ አውቃቸዋለሁም። በእንቅልፍ እጦት ምክንያት ያለፈ ግን አላየሁም፤ በእንቅልፍ እጦት ላይ ተደርቦ ያለፈ ነው ያየሁት። ሌሊት አንብበው የወደቁት ደግሞ መጥተው ልምዳቸውን አይነግሩንም።

ልጅቷ በአራተኛው ቀን ለክትትል ተመልሳ መጣች። ትኩሳቱ የለም፣ መድኃኒቱን ጨርሳለች፣ ባዶ ማሸጊያውን ሳልጠይቃት አውጥታ አሳየችኝ። ወረቀቱን ደብተሯ ላይ ለጥፋዋለች። ልትወጣ በሩ ላይ ከደረሰች በኋላ ተመለሰችና ጠየቀችኝ።

«ዶክተር፣ አጎበር ውስጥ ሆኜ በባትሪ ማንበብ ይቻላል?»

«ይቻላል፣ ዳሩን ፍራሹ ሥር አስገቢው።»

«እስከ ስንት ሰዓት?»

«እስከ 3 ሰዓት ተኩል።»

«እስከ 4 ይሁንልኝ» አለች። ጠበቃ መሆኗ አይቀርም መሰለኝ። እስከ ሩብ ጉዳይ ለ4 ተስማማን።